ስም ያልተሰጠው ሟች

(«ቦኒና ክላይድ» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሐተታ)

ክፉ ነገር ሁልጊዜ በክፉ መልክ ቢመጣ ኖሮ ከሰው ልጅ መካከል የሚሳሳት ባልተገኘ ነበር። መርዝ መራራ ብቻ ቢሆን ማንም አይጠጣውም፤ በማር ተለውሶ ሲቀርብ ግን ጠጪው ይበዛል። ይኸ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ማስረዳት የሚያሻው ሌላው ነው፤ ይኸውም ማሩና መርዙ ባንድ ብርሌ የቀረቡለት ሰው ማሩን ማር፥ መርዙንም መርዝ ብሎ ለይቶ ለመናገር የሚችለው እንዴት እንደ ሆነ ነው። ማሩን የካደ እንደ ሆነ ውሸታም ይሆናል፤ መርዙን የካደ እንደ ሆነ ይጎዳል። ዛሬ ስለ አንድ የታወቀ ፊልም ልጽፍ የተነሣሁት ይኸንኑ መለየት ከወጣት አንባቢዎቼ ጋራ ለመለማመድ ብዬ ነው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንድ የእኅቴ ልጅ አለ፤ በትምህርቱ ትጉ፥ በጠባዩም የተመሰገነ ወጣት ነው። ባለፈው ክረምት እኔ ዘንድ ሰንብቶ ሳለ አንድ ቀን ማታ «ጋሼ፥ ዛሬ አንድ የጥንት ፊልም ላሳይዎት» ብሎ «ቦኒና ክላይድ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም በኮምፒዩተሩ ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቁጭ ብለን ተመለከትን። ሲያልቅ ልጁ በረጅሙ ተነፈሰና «አሟሟታቸውን አዩት ጋሼ? ሞትም እንዲህ ያምራል እንዴ!» አለኝ። እኔ የምመልስለት ቃል አጣሁ። ቃል ያጣሁትም ልጁ ስለ ተሳሳተ አይደለም፤ እውነቱን ስለ ተናገረ ነው። በእርግጥም ያምር ነበር። ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ነው። ድርሰቱን የጻፉት ዴቪድ ኒውማንና ሮበርት ቤንተን ሲሆኑ ዲሬክተሩ አርተር ፔን ይባላል። ሥራውን ያስተባበረውና ክላይድን ሆኖ የተጫወተው ዋረን ቢቲ ነው፤ ቦኒን ሆና የተጫወተችው ፌይ ዳናዌይ ናት። ታሪኩም ባጭሩ እንዲህ ነው። በቴክሳስ አገር፥ ሥራና ገንዘብ በጠፋበት ዘመን፥ በኑሮዋ የሰለቸች አንዲት የቡና ቤት አሳላፊ በመስኮት ስትመለከት አንድ ጎልማሳ የናቷን መኪና ሊሰርቅ ሲያንዣብብ ታያለች። ከእስር ቤት የወጣ ሰው ነው። ሽጉጡን ያሳያታል፤ ደፋር እንደ ሆነም ለማስረዳት እዚያው አንድ ሱቅ ዘርፎ ይመለሳል። እሷም ቤቷንና እናቷን ትታ አብራው ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ አንድ መኪና ጠጋኝ ወጣት፥ የክላይድ ወንድም ባክና ሚስቱ ብላንሽ ተጨመሩበትና አምስት ሆኑ። ከከተማ ወደ ከተማ እየሸሹ ባንክ ይዘርፋሉ፤ ሰው ይገድላሉ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ፍቅረኞች በመንገድ ዳር ተደብቀው በጠበቋቸው የሕግ ሰዎች ጥይት ያልቃሉ።

በመጀመሪያ የፊልሙን ማር ልናገር። ማንም ሰው ያንድን ሥራ መልካምነት ሳይመሰክር ነቀፌታውን ብቻ ቢያወርድ ነቀፌታው ራሱ አይታመንለትም።

ይኸ ፊልም ስለ ድኽነት የሚናገረው እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች በኖሩበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአሜሪካ አገር ወደ 9,000 የሚጠጉ ባንኮች ከስረው ተዘግተዋል፤ በ1933 ዓ.ም. ከሠራተኛው ሕዝብ አንድ አራተኛው ያህል ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድ ገበሬ ቤቱንና መሬቱን ባንክ ወስዶበት፥ ሚስቱንና ልጆቹን በመኪና ጭኖ ሊሰደድ ሲል የገዛ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ይመጣል። ክላይድ ሽጉጡን ያውሰዋል፤ ገበሬውም ባንኩ በግቢው በተከለው ሰሌዳ ላይ ይተኩሳል። አብሮት ያረሰውን ጥቁር ሠራተኛ ጠርቶ እሱም እንዲተኩስ ያደርጋል። ሁለት የተበደሉ ሰዎች እንዲህ ሲተኩሱ ማየት አንጀት ይበላል። ይኸን አይቶ ልቡ የማይነካ ሰው ቢኖር ስለ ፍትሕ ሊያስተምረን አይገባም።

በቋንቋችን «ሽፍታ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው አንባቢዬ ያውቃል። ተበድሎ ጫካ የገባውም ሽፍታ ይባላል፤ መንገደኛ የሚገፍፈውም ሽፍታ ይባላል። ፊልሙም በዚህ ባለ ሁለት ፊት ነገር ላይ የቆመ ነው። ክላይድ ለዚያ ገበሬ ባንክ ዘራፊዎች መሆናቸውን ሲነግረው እንደ ተበዳይ ጠበቃ ሆኖ ነው። ባንድ ዘረፋም ጊዜ ባንኮኒው ላይ ያለው ገንዘብ የባንኩ ነው ወይስ ያንተ ብሎ አንድ ገበሬ ይጠይቅና የራሱ መሆኑን በሰማ ጊዜ ይተውለታል። ቆስለው በሸሹ ጊዜም ከቤታቸው የተፈናቀሉ ድኾች ከሰፈሩበት ቦታ ሲደርሱ ድኾቹ ውሃና ሾርባ ይሰጧቸዋል፤ አንዱም ክላይድን እንደ ተአምር በጣቱ ጫፍ ይነካዋል።

ነገር ግን እውነተኞቹ ቦኒ ፓርከርና ክላይድ ባሮው አብዛኛውን ጊዜ የዘረፉት ትልልቅ ባንኮችን አልነበረም። ብዙውን ጊዜ የዘረፉት ትንንሽ ሱቆችንና ቤንዚን ማደያዎችን ነው፤ የሱቁም ባለቤት እንደነሱው ከድኽነት ጋራ የሚታገል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. በቴክሳስ በሂልስቦሮ ከተማ በዘረፋ ላይ የተገደለው ሰው ባለ ሱቅ ነበር። የተበደለ ገበሬ ሰሌዳ መምታቱ አንድ ነገር ነው፤ ባለ ሱቅ መግደል ሌላ ነገር ነው። የፊልሙ ማርና መርዝ የተለወሱት እዚህ ላይ ነው፤ የፊተኛውን እያሳየ የኋለኛውን እንድንረሳ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ድርሰቱን የጻፉትን ሰዎች ሞኞች ናቸው ማለት አይደለም። እንዲያውም ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ሳቅን ወደ ድንጋጤ በመለወጥ ይኸን የሚያኽል አላየሁም። በመጀመሪያ ክላይድ አንድ ባንክ ሊዘርፍ ገብቶ ባንኩ ቀድሞ የከሰረና ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ያፈረውም ሰው የባንኩን ሠራተኛ እየጎተተ አውጥቶ ለቦኒ ገንዘብ እንደሌለ እንዲያስረዳለት ያደርጋል። እሷም ትሥቃለች፤ እኛም እንሥቃለን። ቀጥሎ በሌላ ባንክ ሲገቡ ውጭ የቀረው መኪና ነጂ ወጣት ባዶ ቦታ አገኘሁ ብሎ በሁለት መኪናዎች መካከል አስተካክሎ ያቆማል። እነሱ ገንዘቡን ይዘው ሲወጡ መኪናው ከቦታው ለመውጣት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል። አሁንም እንሥቃለን። ወዲያው ከባንኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሮጦ ይወጣና መኪናው ጎን ላይ ይንጠለጠላል፤ ክላይድም ደንግጦ በመስኮቱ በኩል ፊቱን ይመታዋል። ሳቃችን ከአፋችን ሳይወጣ ደሙ መስተዋቱን ያለብሰዋል።

አንባቢዬ ሆይ፥ እኔም ሥቄ ነበር። የሰውዬው ደም እስኪታይ ድረስ ሥቄ ነበር። ሐተታ ጸሐፊ ሁሉ ከትርኢቱ በላይ ተቀምጦ የሚፈርድ ዳኛ እንጂ ከተመልካቹ ጋራ አብሮ የሚታለል ሰው እንዳልሆነ አድርጎ ይጽፋል፤ ይኸ ግን ውሸት ነው።

ከግድያውም በኋላ የሚመጣው ትርኢት ከፊልሙ ሁሉ ለእኔ ዋነኛው ነው። ሦስቱ ወንበዴዎች ለመደበቅ ሲሉ ሲኒማ ቤት ይገባሉ። በሸራው ላይ በ1933 ዓ.ም. የወጣ አንድ የዘፈን ፊልም ይታያል፤ ያጌጡ ሴቶች ስለ ገንዘብ ብዛት እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ክላይድ ሰው በመግደሉ እየተንቀጠቀጠ መኪና ነጂውን ይሳደባል፤ ነጂው ያለቅሳል። ቦኒ ግን ዓይኗን ከሸራው ላይ አትነቅልም፤ እንዲያውም ጫጫታቸው ፊልሟን ስላበላሸባት ዝም እንዲሉ ትቆጣቸዋለች። አንድ ሽማግሌ በመንገድ ላይ ሞቶ ተኝቷል፤ እሷ በጨለማ ውስጥ ተቀምጣ የሚያብረቀርቅ ነገር ታያለች። እንግዲህ በዚያ ሰዓት እኔና የእኅቴ ልጅስ ምን እናደርግ ነበር? በጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የሚያብረቀርቅ ነገር እናይ ነበር። ይኸ ፊልም ከማንም ነቃፊ በፊት ራሱን የነቀፈው በዚህ ቦታ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ቀን የአንድ ጎልማሳና የእጮኛውን መኪና ሰርቀው፥ በኋላም ባለቤቶቹን ራሳቸውን መኪናው ውስጥ ጭነዋቸው ይሄዳሉ። ጨዋታው ይደምቃል፤ ምግብ ገዝተው አብረው ይበላሉ፤ የተያዙትም ሰዎች ፍርሃታቸው ለቋቸው እንደ ዘመድ ይሆናሉ። በዚህ መካከል ያ ጎልማሳ ምን ሥራ እንደሚሠራ ይጠየቃል። እሱም ሬሳ ገናዥና ቀባሪ መሆኑን ይናገራል። ሳቁ ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ቦኒም ሰዎቹን አውርዷቸው ብላ ታዛለች። ሌሊት በባዶ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ሰውን የሚገድሉ ሰዎች ሰውን የሚቀብረውን ሰው ፈሩት! የራሳቸውን ሥራ ፍጻሜ በሌላ ሰው ሙያ ውስጥ አዩት።

አሁንም ስለ ፍቅራቸው። ፊልሙን የሚወዱ ወጣቶች ሁሉ የሚወዱት ስለ ፍቅሩ ነው። ክላይድ ከመጀመሪያው ግድያ በኋላ ቦኒን ወደ እናቷ ሊመልሳት ቢጠይቃት እንቢ ትላለች፤ አንድ ደቂቃ እንኳን ሰላም እንደማታገኝ ቢነግራት ቃል ትገባልኛለህን ትለዋለች። እጅግ ያማረ ንግግር ነው። ነገር ግን ወደ ፍጻሜው ገደማ ቦኒ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። በተአምር ነገ ጧት ንጹሕ ሆነን ብንነሣ፥ የሚያሳድደን ባይኖርና ሁሉንም እንደ ገና ብንጀምር ምን ታደርግ ነበር ትለዋለች። ይኸን ስትጠይቀው ፊቷ ላይ ያለው ተስፋ ያሳዝናል። እሱ ጥቂት ያስብና፥ ያንጊዜማ የምንኖርበትን ክፍለ አገርና የምንዘርፍበትን ክፍለ አገር ለየብቻ አደርግ ነበር ብሎ ይመልስላታል። እሷም ዝም ትላለች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ፊልሙን የማየት ዕድል ካገኘህ ይኸችን ዝምታ ደኅና አድርገህ ተመልከት። በዚያች ዝምታ ውስጥ ቦኒ የተረዳችው ነገር፥ አብሯት የሚተኛው ሰው ሕይወቷን በሙሉ ቢሰጡት እንኳን መልሶ የሚያደርገው ያንኑ መሆኑን ነው። ፍቅር ሁለት ሰዎችን ባንድ መኪና ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ግን አይለውጠውም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

ይኸንኑ ከሁሉ አስቀድማ ያወቀች የቦኒ እናት ናት። ልጅዋ በአሸዋማ ሜዳ ላይ ከዘመዶቿ ጋራ በተገናኘች ጊዜ ክላይድ አሮጊቷን ሊያጽናና ብሎ፥ ቦኒ የምትፈልገው ከናቷ ቤት ሳትርቅ ለመኖር እንደ ሆነ ይነግራታል። እናቲቱም ያለ ዕንባ፥ እኔ አጠገብ ለመኖር ብትሞክሩ ብዙ አትኖሩም፤ መሮጣችሁን ብትቀጥሉ ይሻላችኋል ትለዋለች። እናት ልጅዋን «ራቂኝ» ስትላት ከማየት የበለጠ ፍርድ ምን አለ? ያ ትርኢት በሙሉ በጉም ውስጥ እንዳለ ተደርጎ ደብዝዞ የተነሣ ነው፤ ሁሉም በሕይወት ሳሉ እንደ ሙት መታሰቢያ ይመስላሉ።

እስከዚህ ድረስ ያመሰገንሁት እውነተኛ ምስጋና ነው። አሁን ነቀፌታዬን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ነቀፌታዬ ስለ ብላንሽ ነው። ይኸች የወንድምየው ሚስት፥ ፖሊሶች የተደበቁበትን ቤት ከበው ተኩስ በተነሣ ጊዜ፥ ከምድጃው አጠገብ እንደያዘችው ማማሰያዋን ሳትጥል እየጮኸች ወደ መንገዱ ትሮጣለች። ተመልካች ሁሉ ይሥቅባታል፤ ቦኒም ትጸየፋታለች። ብላንሽን ሆና የተጫወተችው ኤስቴል ፓርሰንስ በዚህ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት አግኝታለች፤ የሚገባትም ነበር። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመረምረው ከአምስቱ መካከል ሰው ሲገደል እንደ ሰው የጮኸች እሷ ብቻ ናት። በሞት ፊት አለመጮኽን ጀግንነት፥ መጮኽን ደግሞ ሞኝነት አድርጎ ማሳየት ተመልካቹን ልበ ደረቅ የሚያደርግ ትምህርት ነው። እውነተኛይቱ ብላንሽ ያንድ ዓይኗን ብርሃን አጥታ፥ ስድስት ዓመት ያህል ታስራ፥ ከዚያ በኋላ እስከ 1988 ዓ.ም. ኖራለች፤ ፊልሙ ስላቀረባት መልክም አዝናበታለች።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ፊልሙ ስለ ተወው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1934 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፥ በቴክሳስ በግሬፕቫይን ከተማ አጠገብ፥ ዊለርና መርፊ የተባሉ ሁለት ሞተር ቢስክሌት ነጂ የመንገድ ፖሊሶች በመንገድ ዳር የቆመች መኪና አይተው፥ ችግር ያጋጠመው ሰው መስሏቸው ሊጠይቁ ቀረቡ። ባለ መኪናዎቹም ተኩሰው ገደሏቸው። መርፊ ለዚያ ሥራ ገና አዲስ ነበር፤ ሊያገባም ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እጮኛው ለሠርጓ ያዘጋጀችውን ልብስ ለብሳ በቀብሩ ላይ እንደ ተገኘች ተጽፏል። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ በኦክላሆማ ኮሜርስ በተባለች ትንሽ ከተማ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆነው ካል ካምቤል የተባለ የከተማ ዘበኛ ተገደለ። ባጠቃላይ ይኸ ቡድን ዘጠኝ የሕግ አስከባሪዎችንና ቢያንስ አራት ሌሎች ሰዎችን እንደ ገደለ ይታመናል። በፊልሙ ውስጥ የፋሲካው ግድያ የለም። የሠርግ ልብስ ለብሳ የቆመችውም ልጃገረድ የለችም። እሷ ብትኖር ኖሮ የቦኒና የክላይድ ፍቅር በፊልሙ ውስጥ ብቻውን ፍቅር ሆኖ አይቆምም ነበር።

በተወው ፈንታ የጨመረውም አለ። ፍራንክ ሄመር የተባለውን የቴክሳስ የሕግ ሰው ወንበዴዎቹ ይዘው፥ እጁን አስረው፥ ፎቶግራፍ አንሥተው ሲያዋርዱት ያሳያል፤ ስለዚህም በኋላ የገደላቸው በቂም እንደ ሆነ እንድናስብ ያደርገናል። ይኸ ከቶ አልሆነም፤ ሰውዬው ከመጨረሻው ቀን በፊት ከእነርሱ ጋራ ተገናኝቶ አያውቅም። ባለቤቱም ፊልሙን ያሠራውን ኩባንያ ከሳ፥ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በስምምነት አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ደግሞ «ዘ ሃይዌይመን» የተባለ ሌላ ፊልም ወጥቶ ታሪኩን በአሳዳጆቹ በኩል ለመናገር ሞክሯል። ያ ፊልም እንደ ፊተኛው የሚታወስ አይደለም። ምክንያቱም ወሬ የሚወደው የሚሮጠውን ነው፤ የቆመውን አይወድም።

የእኅቴ ልጅ በማግሥቱ ጧት ይኸን ስነግረው «ጋሼ፥ ይኸ እኮ ፊልም ነው እንጂ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደራሲ ታሪክን ለመለወጥ ነፃነት አለው። እኔም የማነሣው ጥያቄ ደራሲው ለምን ለወጠ የሚል አይደለም። የለወጠው ወደ የት በኩል እንደ ሆነ ነው። በማጉደሉም በመጨመሩም ሚዛኑ ያደላው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፤ ከሟቾቹ ወስዶ ለገዳዮቹ ይሰጣል።

ልጁም ቀጠለና «የሕግ ሰዎቹስ ቢሆኑ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አይደል የረሸኗቸው?» አለኝ። ይኸ ከፊተኛው የበለጠ ጥያቄ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የመጨረሻው ትርኢት እንዲህ ነው፤ የመኪናው ጎማ የተበላሸበት መስሎ የሚያታልላቸው ሰው ዘሎ ይደበቃል፤ ወፎች ከጫካው ተነሥተው ይበራሉ፤ ሁለቱ ፍቅረኞች ሁሉንም ነገር ተረድተው አንድ ጊዜ ይተያያሉ። ከዚያም ጥይቱ ይዘንባል። ይኸን ለማንሣት በልዩ ልዩ ፍጥነት የሚሠሩ አራት ካሜራዎች ስለ ገቡበት፥ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ በዝግታ ሲወድቅ እንደ ውዝዋዜ ይታያል። በመጨረሻም ገዳዮቹ ቀስ ብለው ወደ መኪናው ሲቀርቡ እናያለን፤ ንግግርም ዘፈንም የለም። እውነተኛው ግድያ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በሉዊዚያና በጊብስላንድ ከተማ አጠገብ ነው፤ ስድስት የሕግ ሰዎች 130 ያህል ጥይት ተኩሰዋል። ቦኒ የ23፥ ክላይድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ከልብሳቸውና ከጠጉራቸው ለመታሰቢያ ይቆርጥ ነበር፤ መኪናቸውም ለብዙ ዓመታት በየአገሩ እየዞረ በገንዘብ ታይቷል። በሕግ ስም የሚፈጸም ግድያም ግድያ እንደ ሆነ ፊልሙ ስላሳየን አመሰግነዋለሁ። ልጁ በዚህ ረክቷል፤ እኔም ሳልከራከር ተቀብዬዋለሁ።

ነገር ግን ከዚህ ላይ ሦስተኛውና ዋነኛው ነቀፌታዬ ይመጣል። ለሁለቱ ወንበዴዎች ሞት አራት ካሜራ ቆመለት፤ ጊዜው እንዲረዝም ተደረገለት፤ ወፎች እንኳን ተነሡለት። በመኪናው መስኮት ላይ ለሞተው ለዚያ ሽማግሌ የተሰጠው ጊዜ ግን ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ አይበልጥም። በፊልሙ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም። ሚስት አለችውን? ልጅ አለውን? የባንኩ ገንዘብ የሱ ሳይሆን ስለ ምን ሮጦ ወጣ? የሚነግረን የለም። ያማረ ሞት ለገዳዮች፥ ስም የሌለው ሞት ለተገደሉት፤ የፊልሙ መርዝ ይኸ ነው።

ፊልሙ በወጣ ጊዜ በአገሩም ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጸሐፊ ቦዝሊ ክራውዘር አጥብቆ ነቀፈው፤ ፖሊን ኬል ደግሞ «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ ረጅም ምስጋና ጻፈችለት። የ«ኒውስዊክ» ጸሐፊ ጆ ሞርገንስተርን በመጀመሪያ ነቅፎት ነበር፤ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ አይቶ መሳሳቱን በዚያው መጽሔት ላይ በግልጽ ጻፈ። ከሦስቱ እኔ የማከብረው የኋለኛውን ነው፤ ሐሳቡን ስለ ለወጠ ሳይሆን ተመልሶ ስላየ። ተመልሶ ማየት የነቃፊ ሁሉ ግዴታ ነውና።

አሁን እንቅልፍ ስላጣሁበት ምክንያት ልናገር።

አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንድ የሐምሌ ሌሊት ሌቦች የመጋዘኑን ጣራ ነቅለው ገቡ። አባቴ ፊሽካውን ነፋ። አንድ ጊዜ ብቻ ነፋ፤ በብረት ራሱን መቱት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እህሉ የሱ አልነበረም። ይኸን የምጽፈው ኀዘኔን ለመንገር አይደለም፤ ዘመኑ ሩቅ ነው። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ለእናቴ ስኳር ልገዛ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች የዚያን ስርቆት ወሬ ሲያወሩ ሰማሁ። ሌቦቹ ጣራውን እንዴት ያለ ድምፅ እንደ ነቀሉት፥ ጆንያውን በገመድ እንዴት እንዳወጡት፥ በጭቃው ውስጥ እንዴት እንዳመለጡ ባለ ወሬው እያስመሰለ ይናገራል፤ ሰዎቹም ይሥቃሉ። በመካከልም «አንድ ዘበኛ ፊሽካ ሊነፋ ብሎ ነበር» አለና ወሬውን ቀጠለ። አባቴ በዚያ ወሬ ውስጥ ይኸችኑ ያኽል ነበር። ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም፤ ሁለቱ ለቀብሩ መጥተዋል።

እንግዲህ ያ ሽማግሌ ከባንኩ ሮጦ ወጥቶ በመኪናው ጎን በተንጠለጠለ ጊዜ፥ እኔ የሥቅሁት እኔ፥ ከዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የዘበኛ ልጅ ከሌቦቹ ጋራ መኪናው ውስጥ ሆኜ፥ ቶሎ ንዳው እያልሁ ነበር። ይኸን ያደረገኝ የፊልሙ ብልኀት ነው፤ የፈቀድሁለት ግን እኔ ነኝ።

ይኸን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። በኋላም ቀስ ብሎ «ጋሼ፥ አያቴ እንዲህ ነው እንዴ የሞቱት?» አለኝ። እናቱ አልነገረችውም ነበር፤ ለልጅ የሚነገር ነገር አይደለም ብላ በሕመም እንደ ሞተ ብቻ ነግራው ኖራለች። በቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፥ ካፖርት ለብሶ በትር ይዞ የቆመውን ሰው ፎቶግራፍ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል፤ ለካስ አላወቀውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ፊልም አትመልከት አልልህም። መከልከል የሰነፍ መምህር ሥራ ነው፤ የተከለከለም ነገር ይበልጥ ይጣፍጣል። የምልህ ይኸን ብቻ ነው። በማንኛውም ታሪክ ውስጥ፥ በፊልምም ቢሆን በመጽሐፍም ቢሆን በሻይ ቤት ወሬም ቢሆን፥ ልብህ ከሚሮጠው ጋራ አብሮ ሲሮጥ ባገኘኸው ጊዜ አንድ ጊዜ ወደ ኋላህ ዙር። በመንገዱ ላይ ወድቆ የቀረ ሰው አለን? ስሙ ተነግሯልን? ማታ በቤቱ ማን ይጠብቀዋል? ይኸን ከጠየቅህ በኋላ በውበቱ ብትደነቅ ውበቱ አይጎዳህም፤ ማሩንም ማር፥ መርዙንም መርዝ ለማለት ትችላለህ። ይኸን ሳትጠይቅ ብትደነቅ ግን የተደነቅኸው በምን እንደ ሆነ አታውቀውም።

ልጁ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲሰናዳ በዋዜማው ማታ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አገኘሁት። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ያቺን የባንክ ትርኢት ያያል። ሽማግሌው ወጥቶ ሲሮጥ ያቆመዋል፤ ፊቱን ይመለከታል፤ እንደ ገና ይመልሰዋል። «ምን ትፈልጋለህ?» አልሁት።

«ስማቸውን፥» አለኝ። «አንድ ሰው ይጠራቸው እንደ ሆነ ብዬ ነበር፤ የሚጠራቸው የለም።»

ከዚያም ኮምፒዩተሩን ዘጋና ስለ አያቱ እንዳጫውተው ለመነኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀምጠን አጫወትሁት።